ነፋስ ለሚፈልግ ሰው ሶፋ መሸጥ

«ደንበኞቻችን ራሳቸው ናቸው ፉል ኦፕሽን የሚጠይቁን።» ይህን ያሉን ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የአዲስ መኪና መሸጫ ያገኘናቸው የሽያጭ ኃላፊ ናቸው። ይኸው ሳምንት አለፈ፣ ንግግሩ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

የሄድኩት አጎቴን ተከትዬ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የሰው መኪና ይዞ የጅቡቲን መስመር የተመላለሰ ሾፌር ነው፤ አሁን አትክልት ጭኖ ወደ ሠመራ የሚወርድበት የራሱን መካከለኛ የጭነት መኪና ሊገዛ ነው። የፈለገው ተጨማሪ ዕቃ የሌለበትን ስታንዳርዱን ነበር፣ ኤሲ (የጋቢና ማቀዝቀዣ) ብቻ ተጨምሮበት። ሻጭዋ ልጅ በትሕትና «ጋሼ፣ ኤሲ ከፈለጉ ፉል ኦፕሽኑን ነው የሚወስዱት» አለችው። ፉል ኦፕሽን ማለት ኤሲ፣ የቆዳ ወንበር፣ ባለ ስክሪን ሬዲዮ፣ ኒኬል የለበሰ ስፖኪዮና የጭጋግ መብራት ነው። አንዱን ነጥሎ መውሰድ አይቻልም። አጎቴ ዝም ብሎ ቆየና «ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ነፋስ ነው፤ ሶፋ መች ጠየቅሁ?» አላት። ኃላፊው ከቢሯቸው ወጥተው ያንን ንግግር ያደረጉልን ይህን ጊዜ ነው።

እስቲ ንግግሩን እንመልከተው። ግቢው ውስጥ የቆሙትን መኪኖች ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ አንዱም ፉል ኦፕሽን። ስታንዳርዱስ ስንል «በትእዛዝ ነው የሚመጣው፣ ወራት ይፈጃል» ተባልን። ሽሮ ብቻ የሚሠራ ምግብ ቤት «ደንበኞቼ ሁሉ ሽሮ ወዳጅ ናቸው» ቢል የሚያምነው ማን ነው? መኪናው ቆሞበት የሚውል ነጋዴ ወራት አይጠብቅም። የቀረበለትን ይገዛል፤ ከዚያም «ጠያቂ» ተብሎ ይመዘገባል።

ቀጥሎ የመጣው የቅናሽ ወሬ ነው። ዕቃዎቹ በጥቅል ሲገዙ ተነጣጥለው ከሚገዙት ይረክሳሉ ተባለ። ተነጣጥለው የሚገዙት የት ነው? ለብቻው የማይሸጥ ዕቃ ለብቻው ዋጋ የለውም፤ ቅናሹ ከምን ላይ ተቀነሰ? 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ግን ለማይፈለገው ቆዳም ሳይቀር ይታሰባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያበግነኝ ሌላ ነው። የጭነት መኪና በዚህ አገር እንዴት እንደሚገዛ የሚያውቅ ያውቀዋል። ብዙው ገዢ የሚረከበው ሻንሲና ጋቢና ብቻ ነው። ከጋቢናው ጀርባ ባዶ ነው፤ ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ ጎማና የነዳጅ ሰልባትዮ። ዕቃ የሚጫንበትን ካሶኒ ገዢው ራሱ ያሠራል። የከተማው ዳር ዳር በእነዚህ ብየዳ ቤቶች የተሞላ ነው። እዚያ የማይመረጥ ነገር የለም፦ ወለሉ ጣውላ ይሁን ላሜራ፣ ጎኑ ለከብት ከፍ ይበል ወይስ ለሲሚንቶ ዝቅ፣ የኋላው መዝጊያ ወደ ታች ይውረድ ወይስ ወደ ጎን ይከፈት፣ የሸራው ቅስት ስንት ይሁን፣ የገመድ ማሰሪያው ቀለበት በየስንት ክንድ ይበየድ። አጎቴ ከሠራተኛው ጋር ስለ አንድ ማጠፊያ ግማሽ ቀን ሲከራከር አይቻለሁ። ብየዳ ቤቱ «ቀለበቱን ከፈለጉ ሸራውንም፣ ቀለሙንም፣ ጥቅሱንም አብረው ይውሰዱ» አላለውም። ይህን ሁሉ አንድ በያጅ በጠመኔ ወለል ላይ እየሣለ፣ በእርሳስ ሲጋራ ፓኮ ላይ እየጻፈ ያስተናግደዋል። ከጋቢናው ኋላ ገዢው ጌታ ነው፤ ጋቢናው ውስጥ ሲገባ ሕፃን ይሆናል፣ የሚበጀውን ሌላ ሰው ያውቅለታል! ኮምፒውተር፣ የሽያጭ ክፍልና የሠለጠነ ባለሙያ ያለው ድርጅት አንድ በያጅ በጠመኔ የሚሠራውን መሥራት አቃተኝ ሲል እንዴት ብዬ ልመን?

«ፋብሪካው ነው እንዲህ አድርጎ የሚልከው» ይሉናል። በዚህ ጥቂት እውነት አለ፤ አልክድም። አሥር ተጨማሪ ዕቃ በነጠላ እንዲመረጥ ቢፈቀድ 1,024 ዓይነት መኪና ይወጣል፤ መሥመር ላይ ለሚገጣጥም ራስ ምታት ነው። እኛ ግን አሥር አልጠየቅንም። አንድ ጠየቅን። ደግሞም የአጎቴ ጓደኛ ስታንዳርድ መኪና ክሩስኮት ላይ፣ ከሾፌሩ ፊት ባለው ሰሌዳ፣ በጥቁር ፕላስቲክ የተደፈኑ ሦስት የማብሪያ ቦታዎች አሉ። ቦታው ተበጅቷል፤ የቀረው ቁልፉ ነው። ገዢው በየቀኑ ያላገኘውን እያየ ይነዳል። ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፦ ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2022 በአንዳንድ አገሮች መኪናው ውስጥ ቀድሞ የተገጠመን የወንበር ማሞቂያ በወር ክፍያ ሊያከራይ ሞክሮ፣ ገዢው ሲቆጣ በዓመቱ ትቶታል። እዚያ የተቆጣ ተሰማ።

ኤሲ ቅንጦት ነው የሚል ካለ አዋሽን ተሻግሮ፣ ገዋኔን አልፎ ሚሌ ድረስ በቀትር ይንዳ። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ወደሚያልፍበት ቆላ የሚወርድ ሾፌር መስኮት ቢከፍት የሚገባለት የምጣድ ወላፈን ነው። ሙቀት ሰውን ያደክማል፤ የደከመ ሾፌር መሪ ላይ ያንቀላፋል። ነፍስን የሚጠብቀውን ዕቃ ከኒኬል ጋር አስሮ መሸጥ ነጋዴነት ነው የሚለኝ ካለ፣ እኔ ሌላ ስም አለኝ፤ እዚህ አይጻፍም። በፒክአፕማ ይብሳል። ለኋላ ካሜራ ሲሉ አሉሚኒየም ቸርኬ ያሸክሙሃል። የብረቱን ቸርኬ ጉድጓድ ቢያጣምመው ጎሚስታው በመዶሻ ያቃናዋል፤ አሉሚኒየሙ ግን ይሰነጠቅና ሌላ ግዛ ትባላለህ።

ሕግ የለም እንዳይባል የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አንዱን ዕቃ ለመሸጥ ሌላውን መግዛትን ግዴታ ማድረግን የገበያ የበላይነትን አላግባብ ከመጠቀሚያ መንገዶች አንዱ አድርጎ ያነሳዋል። የሕግ ሰዎች «ያ የበላይነት ላለው ነጋዴ ነው» ይሉኛል። የአንድ ምርት ብቸኛ ወኪል በዚያ ምርት ገዢ ላይ የበላይ ካልሆነ የበላይ ማን ሊሆን ነው? ስኳር ልንገዛ ተሰልፈን ያልጠየቅነውን ሳሙና ጨምሩ ስንባል የተማረርን ሰዎች፣ ባለ ስድስት ጎማው ሳሙና ሲመጣ ዝም ማለታችን ይገርመኛል። የምጠይቀው ፕሮፎርማው ላይ አንድ መስመር ነው፦ ኤሲ፣ ከፊት ለፊቱ ዋጋው።

አጎቴ በመጨረሻ ፉል ኦፕሽኑን ገዛ። ምን ያድርግ? ትናንት ከሚሌ ደወለልኝ። ኤሲው ይሠራል፣ ስክሪኑን እስካሁን አልከፈተውም። «ወንበሩስ?» አልኩት። ቆዳው ስለሚያልብ የአልጋ አንሶላ አጥፎ አንጥፎበታል።