እንቅልፍ ለሰነፍ ነው!

እስቲ ዛሬ ጀግኖቻችንን እናመስግን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ፎቶ አንስቶ "እናንተ ተኙ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ" ብሎ የሚለጥፈውን ሥራ ፈጣሪ ማለቴ ነው። እጅ ነስቻለሁ! (ፎቶዋ እንድታምር መብራቱን ሦስቴ አጥፍቶ አብርቷል፤ እሱም ሥራ ነው።)

አርአያው ደግሞ ቀላል ሰው አይደለም። ኢሎን መስክ እ.ኤ.አ. በ2018 በሳምንት እስከ 120 ሰዓት እንደሚሠራ ለኒውዮርክ ታይምስ ተናግሮ ነበር። ሳምንት ደግሞ ያላት 168 ሰዓት ነው። በቀን ሰባት ሰዓት እንኳን የማትሞላ ትርፍ ትቀራለች፤ በእሷ መብላት፣ መታጠብ፣ መተኛት፣ ከተረፈም ስንት ሰዓት እንደሠሩ ማውራት ነው። በዚያው ቃለ መጠይቅ ሰውዬው ደጋግሞ እንባ እንደተናነቀው ጋዜጣው ጽፏል። ይቺን የሚለጥፍ ግን አላየሁም። 120ዋ ትበቃናለች።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት ደግሞ በ2021 ብቅ ብለው፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመመታት አደጋው 35 በመቶ ግድም ይጨምራል አሉ። ቅናት ነው።

አንድ ወዳጅ አለኝ፣ የለየለት ጀግና። ጠዋት ቢሮው ደጃፍ መኪናውን ያቆምና፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ሃያ ደቂቃ ይቀመጣል። መውረድ አቅቶት ነው። ከዚያ ፊቱን በሶፍት ይጠርግና በሩን ገና ሲከፍት "ቲም! እንዴት አደራችሁ!" ይላል፣ ጥርስ በጥርስ ሆኖ። "ጭንቀት ነው እኮ፣ ሐኪም አነጋግር" ስለው ደነገጠ።

"የምን ጭንቀት? ፕሬዠር ነው እንጂ። ደግሞ ኢንቨስተር ቢሰማስ?"

እውነቱን ነው። ለጨነቀው ሰው ማን ብር ይሰጣል? ገንዘቡ ማለቁን በስላይድ ያስረዳል፤ እንቅልፉ ማለቁን ግን ለሚስቱም አይናገር።

ለጤናው ግድ የለውም እንዳትሉ ደግሞ። የሜዲቴሽን አፕ ጭኗል። እሷንም በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚያዳምጣት። የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሲደርስም "ማረፍ ድክመት አይደለም፣ እንነጋገር" ብሎ ለጠፈ። ሰዓቱን አየሁት፤ ከሌሊቱ 9፡47። ወዲያው ላይክ አደረግኩለት። እኔስ በዚያ ሰዓት ምን እሠራ ነበር? ሥራ ላይ ነኛ!