የአያት ቀሚስ በአንድ ቀን አይሰፋም

«የአያቶቻችንን ፎቶ እያዩ መስፋት ዲዛይን አይባልም። ማንኛውም ልብስ ሰፊ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ነገር ነው፤ ሽሮ ሜዳም በሩብ ዋጋ ይገኛል።» ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ ስለ አገር ውስጥ ፋሽን ሊያስረዱ የተጋበዙ እንግዳ የተናገሩት ነው። አዘጋጁም አንድ ጥያቄ እንኳ ሳያስከትል ወደ ማስታወቂያ አለፈ። ነገሩ የተባለው በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ በአንዲት ክፍል፣ በሁለትና በሦስት የስፌት መኪና የሴት ቀሚስ ስለሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች ነው። ክብ ኮሌታ፣ ሽንሽን ጉርድ፣ ትከሻው ላይ ነፋ ያለ እጅጌ፣ ኪሱ ላይ አደይ አበባ ወይም የሰኞ ማክሰኞ ሣጥን የተጠለፈበት ቀሚስ የሚያወጡት ቤቶች።

እንግዳው ያሉት ሁሉ ስሕተት ነው። ከሁሉ የሚያስቆጣው ግን «በአንድ ቀን» የሚለው ነው። መቀስ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ከአፉ አያወጣም።

ከጨርቁ እንጀምር። ሸማኔ የሠራው ጨርቅ ከጣቃ ላይ እንደሚቆረጥ የፋብሪካ ፖፕሊን አይደለም። ሸማኔው መወርወሪያውን በአንድ እጁ ሰዶ በሌላው ስለሚቀበል የጨርቁ ስፋት ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች ነው። 80 ሴንቲ ሜትር እንበል። ወገቧ 70 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ሴት ሽንሽን ጉርድ ሲሠራ እያንዳንዱ ሽንሽን የስፋቱን ሦስት እጥፍ ጨርቅ ስለሚበላ 210 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ቁራጭ ይጋጠማል። መጋጠሚያው የግድ ከሽንሽኑ ውስጠኛ እጥፋት ሥር መደበቅ አለበት፤ ፊት ለፊት ከወጣ ቀሚሱ ላይ እንደ ጠባሳ ይታያል። አንዱ ሽንሽን 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በወገቡ ዙሪያ 28 ሽንሽን አለ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሳት ወገቡ በ28 ሚሊ ሜትር ይጠባል ወይም ይሰፋል። ከጠበበ ቀሚሱ አይዘጋም፤ ከሰፋ ዳሌዋ ላይ ይወርዳል። ክብ ጉርድ ቆርጦ ከዚህ ጣጣ መገላገልም አይቻልም፤ ጥለቱ ቀጥ ብሎ የተሸመነ ስለሆነ ክብ ጠርዝን ተከትሎ አይዞርም።

ከመቆረጡ በፊት ደግሞ ጨርቁ መታጠብ አለበት። ልል ሆኖ የተሸመነ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ ሴንቲ ሜትሩ 5፣ አንዳንዴም 10 ሴንቲ ሜትር ይሰበሰባል። ሌሊቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ሳይጠመዘዝ ጥላ ላይ ይሰጣል፣ እርጥበቱ ጨርሶ ሳይለቀው ይተኮሳል። ይህን የዘለለ ሰፊ ጥፋቱ የሚታየው ደንበኛዋ ቤት ነው፦ ሸማው ተሰብስቦ ፖሊስተር ገበሩ እንደነበረ ስለሚቀር ገበሩ ከጠርዙ በታች ብቅ ይላል። ጥለቱም ከመደቡ ይልቅ ጠቅጠቅ ብሎ ስለሚሸመን ከመደቡ እኩል አይሰበሰብም፤ ሳይታጠብ ከተሰፋ ጠርዙ በሙሉ ይጨማደዳል። ቀይ ወይም ጥቁር ክር ያለበት ጥለት ቀለም ይለቅ እንደሆነ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ተጭኖ ይፈተሻል። መቀስ ገና አልተነሳም፤ እንግዳው ያሉት አንድ ቀን ግን አልቋል።

ቀጥሎ ልኩ በአቡጀዲ ይሞከራል። «ፎቶ እያዩ መስፋት» የሚለው ንቀት የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው አዳራሽ በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአዲስ አበባ የተነሱ የእናቶችና የአያቶች ፎቶዎች በየቤቱ አሉ። የሚያሳዩት ግን የቀሚሱን ፊት ብቻ ነው። ከኋላ በቁልፍ ይዘጋ ወይስ በዚፕ፣ ገበር ይኑረው አይኑረው፣ ጉርዱን የነፋው ከሥር የተደረበ የውስጥ ቀሚስ ይሁን የጨርቁ ድርቀት፣ ፎቶው አይናገርም። ያን ሁሉ ፈልቅቆ ማውጣት ያለበት ሠሪው ነው። የዛሬዋ ለባሽ ደግሞ አውቶቡስ ላይ ቆማ የላይኛውን ብረት ትይዛለች፣ እግሯን አንስታ ሚኒባስ ላይ ትወጣለች፣ ስልኳን የምትከትበት ኪስ ትፈልጋለች። ብዙ ልብስ ሰፊ ይመቻታል ብሎ ብብቱን ዝቅ አድርጎ ይቆርጣል፤ ክንዷን ባነሳች ቁጥር ቀሚሱ በሙሉ አብሮ ይነሳል። መፍትሔው ተቃራኒው ነው፦ ብብቱን ወደ ክንዷ ማስጠጋት፣ እጅጌውን ደግሞ ከትከሻው በኩል ማስፋት። የድሮው ነፋ ያለ እጅጌ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ክንድ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ነበር። ይህን ተረድቶ ለዛሬዋ ሴት ሰውነት እንደገና መቁረጥ ዲዛይን ካልተባለ ዲዛይን የሚባለው ምንድን ነው?

ክብ ኮሌታውን ያየ ሁሉ ቀላል ይመስለዋል። የላይኛው ቁራጭ ከታችኛው በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ አለበት፤ እኩል ከተቆረጡ የታችኛው ወደ ውጭ ይወጣና ኮሌታው ደረት ላይ መተኛቱ ይቀራል። ከተሰፋ በኋላ ከስፌቱ ውጭ የቀረው ትርፍ ጨርቅ ዙሪያውን በመቀስ ጫፍ ካልተበጣ ሲገለበጥ ክብነቱ ጠፍቶ ማዕዘን ያወጣል። ልሉን ጨርቅ ደግሞ ኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቁን ዳር የሚዘመዝመው የመኪና ስፌት፣ ብቻውን አይይዘውም፤ ትንሽ ሲጎተት ድርና ማጉን ይዞ ይላቀቃል። ስለዚህ የእጅጌውና የጉርዱ መጋጠሚያ መጀመሪያ በውጭ በኩል በ5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ትርፉ እስከ 3 ይከረከማል፣ ተገልብጦ በ7 ሚሊ ሜትር እንደገና ይሰፋል። አንዱ ስፌት ሁለት ስፌት ነው ማለት ነው። ጠርዙ ከመዘምዘሙ በፊትም ቀሚሱ ተሰቅሎ ያድራል፤ ልል ጨርቅ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ቸኩሎ የዘመዘመ ሰው በሳምንቱ አንድ ጎኑ የረዘመ ቀሚስ ይመለስለታል። ጥልፉን ሳንቆጥር አራት ቀን ሞላ።

ሽሮ ሜዳን ለማናናቂያ መጥራታቸው ደግሞ ሌላ በደል ነው። ሽሮ ሜዳ አንድ ዋጋ የለውም። እዚያው አንድ መደርደሪያ ላይ በእጅ የተፈተለ፣ መነን የሚባለው ጨርቅና በማሽን የታተመ ፖሊስተር ጎን ለጎን ተሰቅለው ይገኛሉ። «ሩብ ዋጋ» የሚባለው የመጨረሻው ነው። ጨርቁን ገልብጦ ማየት ይበቃል፦ የታተመ ጥለት በጀርባው የደበዘዘ ነው፤ የተሸመነው ግን በሁለቱም ፊት ክሩ በጣት ይዳሰሳል። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠልም ይቻላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ እንደ ዶቃ ይደርቃል። የእነዚህ ትንንሽ ቤቶች ጨርቅ የሚመጣውም በአብዛኛው ከዚያው ሰፈር፣ ከጋሞ ደጋ ከመጡ ሸማኔዎች እጅ ነው። ቀሚሱን ማርከስ የሸማኔውን ቀን ማርከስ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዚፕና ቁልፍ ምን ያህል እንደተወደደ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ዋጋውን አፉን ሞልቶ አይኮንንም።

ድሮን መመልከት ፈጠራን ይገድላል የሚል ካለ የፈረንሳዊውን ዲዛይነር የክርስቲያን ዲዮርን ሥራ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1947 ፓሪስን ያስነሳው ጠባብ ወገብና ሰፊ ጉርድ የእናቱን ዘመን አለባበስ መልሶ ያመጣ ነበር። ሎራ አሽሊ እ.ኤ.አ. በ1953 ለንደን ውስጥ ከባሏ ጋር በማዕድ ቤት ሻሽ ከማተም ተነስታ በኋላ የቪክቶሪያን ዘመን በሚያስታውስ አበባማ የጥጥ ቀሚስ ስሟ ዓለምን አዳረሰ። ሞዴሏ ሊያ ከበደም እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ስታቋቁም የተነሳችው ከኢትዮጵያ ሸማኔዎች እጅ ነው። ፓሪስ ሲሆን ጥበብ፣ አራት ኪሎ ሲሆን ግልበጣ የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም።

ደግሞስ በዚህች ከተማ ትዝታን የሚነቅፍ ማን ነው? የአሮጌዋ ፒያሳ ብዙው ክፍል በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። እናቶቻችን ቀሚሳቸውን ለብሰው ያለፉበት በረንዳ፣ የተለኩበት የልብስ ሰፊ ደጃፍ በቦታው የለም። ኪስ ላይ የተጠለፈው ሰኞ ማክሰኞ የተሠመረበት ግቢም አብሮ ሄዷል። ያ ትዝታ ዛሬ የሚያርፍበት ግድግዳ የለውም፤ ቀሚስ ላይ ቢያርፍ ማንን ከፋው?

አንድ ነገር እቀበላለሁ፦ ቀብድ ተቀብለው በቀጠሯቸው የማያደርሱ ቤቶች አሉ፤ ይህን ማረም አለባቸው። ለእንግዳው አባባል ግን ማረጋገጫ አይሆንም።

አዘጋጁ ወደ ማስታወቂያ ከማለፉ በፊት ከሽሮ ሜዳና ከእነዚህ ትንንሽ ቤቶች አንድ አንድ ቀሚስ አስመጥቶ እንግዳው ፊት መገልበጥ ነበረበት። በሩብ ዋጋ የተገዛው የጎኑ ትርፍ 7 ሚሊ ሜትር ኦቨርሎክ ነው፤ ለባሿ ብትወፍር አይከፈትም። የእነዚህ ቤቶች ቀሚስ፣ እንደ አያቶቻችን ልማድ፣ ጎኑ ላይ በየፊናው 2.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተትቶለት ዳሩ በእጅ ይያዛል። ትርፉ በሁለቱ ጎኖች ከፊትም ከኋላም፣ በአራት ፊት ነውና ሩቡን ለስፌቱ ትቶ ቀሪውን የለቀቀ ሰው ወገቡን ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ያሰፋል። ሴትየዋ ከወለደች በኋላም ትለብሰዋለች፤ ልጇም አድጋ ልኩን ታስተካክልበታለች።