ነጥቧ ወፍ ናት

ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለገበያ የወጣ ገበሬ አህያውን እየነዳ፣ ከመንገደኛ ጋር እየተጨዋወተ፣ አረፍ እያለም ቢሆን ቀኑ ሳይመሽ ይደርሳል። እኛ ባለፈው ቅዳሜ በመኪና ሄደን ከእሱ እኩል ልንደርስ ምንም አልቀረንም። ምክንያቱም ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን የመጣው የባለቤቴ ወንድም አዲስ ስልክ ገዝቷል። ስልኩ መቶ እጥፍ ያቀርባል ተብሏል። በባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ አንድ ነገር በተንቀሳቀሰ ቁጥር «አቁም! አቁም!» ይላል። ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል፣ ከኋላችን የሚመጣው ባጃጅ ጡሩንባውን ይለቅብናል፣ ወፏ ትበራለች። እሱ ግን ያነሳል።

ማታ ቡና ሲፈላ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። የሚታየው ሰማይ ነው። ሰማዩ መሀል አንዲት ነጥብ አለች። «እይዋት እንጂ፣ እንዴት ታምራለች!» ይለናል። አማቴ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉት። ከዚያ ነጥቧን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጓት። «ቆሻሻ መስሎኝ ነው ልጄ» አሉ። እኔ ስኒዬን አፌ ላይ ደፍቼ ቆየሁ።

መቶ እጥፍ ያቀርባል ያለውን ሻጭ ዋሽቷል አልልም፤ ወፍ ያቀርባል መቼ አለ? የሌንሱ እውነተኛ አቅም ካለቀ በኋላ ስልኩ የሚያደርገው በመጀመሪያ የያዘውን ትንሽ ምስል መለጠጥ ነው። ሲለጠጥ ደግሞ ወፏ ብቻ ሳትሆን የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይገዝፋል። የወፍ ፎቶ ሙያቸው የሆነ ሰዎች 400 ሚሊ ሜትርና ከዚያ የሚበልጥ ሌንስ በመቆሚያ ላይ አስረው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ አንድ ቦታ ላይ ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። የምትበርን ወፍ ክንፏ ሳይደበዝዝ ለመያዝ የካሜራው መዝጊያ ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ባልበለጠ ጊዜ ተከፍቶ መዘጋት አለበት። የባለቤቴ ወንድም ግን ሞተሩ ባልጠፋ መኪና ውስጥ፣ በአቧራማ መስኮት በኩል፣ በግራ እጁ ሙዝ ይዞ ያነሳል።

የሚያናድደው ደግሞ በዚያው ዕለት ጠዋት ጣና ዳር ቁርስ ስንበላ ፔሊካኖቹ ከጠረጴዛችን ጥቂት እርምጃ ርቀው ይንሳፈፉ ነበር። ቀና ብሎ አላያቸውም። ቅርብ ያለ ነገር ፎቶ አይገባውም መሰለኝ። እኛም ብንሆን የምንኩራራበት የለንም። የድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የጢስ ዓባይ ፏፏቴና ወፎች ነበሩ። ያንን ኖት ስንት ዘመን በኪሳችን አሽተን፣ አጣጥፈን፣ ለታክሲ ረዳት ስንሰጥ ኖርን! አገላብጦ «ይህቺ ወፍ ምንድን ናት?» ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ኋላ አንድ ብር ሳንቲም ሲሆን ወፎቹም አብረው ሄዱ። ማንም አልሸኛቸውም።

ወፍ ከተነሳ አንድ የምወደው ተረት አለኝ፦ «ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች»። በሽምግልና እጠቀምበታለሁ፣ በዕድር ስብሰባ እጠቀምበታለሁ፣ ለልጆቼ የውጤት ካርድ እንኳ ተጠቅሜበታለሁ። የማይገባበት ቦታ የለም። ነገር ግን ይህን ተረት ጣና ዳር ተቀምጦ መተረት አደገኛ ነው። የአውሮፓና የሩሲያ ብርድ ሲበረታ ከዚያ ሸሽተው ወደ ጣና ዙሪያ ረግረግ፣ ወደ ጭምባና ወደ ፎገራ ሜዳ የሚመጡ ረጃጅም አንገት ያላቸው ግራጫ ወፎች አሉ። የሰሜኑ ብርድ ረገብ ሲል ደግሞ ተመልሰው ይሄዳሉ። እንግዲህ እነዚህ የሚጮኹት እንደ የትኛው አገራቸው ነው? እኔ የሚበሉበት ነው አገራቸው ባይ ነኝ። ባለቤቴ የተፈለፈሉበት ነው ትላለች። ክርክሩ ስለ ወፍ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ተድራ ባሕር ዳር ከገባች ወዲህ እኔ ያገሬን ዓሣ ባመሰገንኩ ቁጥር እሷ የእናቷን ሰፈር ዳቦ ታነሳለች። ወንድሟ በመጣ ሰሞን ደግሞ ድጋፍ ስለምታገኝ ወፎቹ ሁሉ አዲስ አበቤ ይሆናሉ።

ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ እኔም እንደ ሌላው ሰው ደስ ብሎኛል። ቢሆንም ከጣና ወፎች ጋር የቆየ ቂም አለኝ፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ ይተናነቀኛል። እንደሚታወቀው የባሕር ዳር ሰርገኛ ጣና ዳር ወርዶ ፎቶ ሳይነሳ ሰርጉ ሰርግ አይባልም። እኛም ወረድን። ስሙን የማልጠራው ፎቶ አንሺያችን ግን ያን ቀን አእምሮው ከሙሽሮቹ ጋር አልነበረም። አልበሙ ሲመጣ ገለጥነው። ሙሽራዋ አለች፣ ዘንባባ አለ፣ ፔሊካን አለ፣ የደንገል ታንኳ አለ። እኔ በትከሻዬ በኩል አለሁ። በሌላው ገጽ በግማሽ ጆሮዬ አለሁ። አንደኛው ፎቶ ላይ ከፊት ለፊት አንድ አባ ኮዳ ራሰ በራውን እያበራ፣ ጥቁር ካፖርት እንደ ደረበ የድሮ የቀበሌ ሊቀ መንበር ቆሟል፤ የላባው ጫፍ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ከኋላው ደብዝዞ የሚታየው ሙሽራው ነው። የባለቤቴ አክስት አልበሙን ሲያዩ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ጣታቸው ያረፈው እኔ ላይ ነበር። ሰውዬው ሙሉ ሒሳቡን ተቀበለ እኮ! ሙሉውን! ለአባ ኮዳው ቅናሽ እንኳ አላደረገም።

እሱስ ይሁን፣ ወፍ ነው፣ ያልፋል። የማያልፈው የቅዳሜው ነገር ነው። ግማሽ መንገድ ላይ አንዲት ሴት የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ፣ ወገቧ ታጥፎ፣ ወደ ገበያ ትሄዳለች። «አቁም!» አለ። መኪናው አጠገቧ ቆመ። ሴትየዋ ቀድማ «እንደምን ዋላችሁ» አለችን። መኪና ሲቆምላት ምን መሰላት? የሚጭናት መስሏት ሸክሟን ከመንገዱ ዳር ካለው ጉብታ ላይ አሳረፈች፣ ገመዱን ከደረቷ ፈታች፣ ላቧን በነጠላዋ ጠረገች። ወንድምዬው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አነሳ። አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን፣ አንድ ደግሞ እንጨቱን ብቻ። ከዚያ መስኮቱን ዘጋና «ሂድ» አለ። ወደ እኔም ዞር ብሎ «እንዴት ያለ ውብ አገር ነው ያላችሁ!» አለኝ።

እዚህ ላይ መቀለድ አልችልም። እንጨት ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፣ መሬት ያረፈ ሸክም ያለ ረዳት ወደ ጀርባ አይመለስም። ያቺ ሴት መንገደኛ እስኪመጣ ቆማ ልትጠብቅ ነው፣ ገበያው ደግሞ አይጠብቃትም። ለእግዜር ሰላምታዋ መልስ እንኳ አላገኘችም። ወፍ ብትሆን ግድ የለም፣ ወፍ ሰላም በሉኝ አትልም፣ ካልተመቻት ትበራለች። ሰው የት ይብረር? እኛ አገር ከማያውቁት ሰው እሳት እንኳ ሲለመን ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ተጠይቆ ነው። መልክ ግን ያለ ሰላምታ በመስኮት ይወሰዳል! ለዚያውም ተወስዶ «የገጠር ሕይወት» የሚል ስም ይወጣለትና ማንም የማያውቃት ሴት ለማያውቋት ሰዎች መደመሚያ ትሆናለች። እሷ ያን ቀን የፈለገችው ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚያደርሳት መኪና ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ቦታ ነበረን።

ሹፌሩን አስቁሜ ወረድኩ። ገበያው አፍ ድረስ እናድርስሽ ብላት ከመኪናው ውስጥ ያዩዋትን ዓይኖች ቃኘችና «ይቅር፣ ልማዴ ነው» አለች። ሸክሙን ደግፌ ጀርባዋ ላይ አወጣሁላት፣ ገመዱን አጠባበቀች፣ መርቃኝ ሄደች። ተመልሼ ስገባ ወንድምዬው በደስታ ስልኩን ያሳየኛል። ይህንንም አንስቶታል! በዕለቱ ካነሳቸው ሁሉ ጥርት ብሎ የወጣው እሱ ብቻ ነው፤ እንጨቱም፣ ገመዱም፣ የሴትየዋ የተሰነጠቀ ተረከዝም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የእኔ አንገትና ራስ የለም። ፎቶ አንሺዎች ሁሉ ምን አድርጌያቸው እንደሆነ አንድ ቀን ቢነግሩኝ።

ጢስ ዓባይ ደረስን። ውኃው ከላይ ለመብራት ማመንጫዎቹ፣ ከሐይቁም ለጣና በለስ ማመንጫ ስለሚቀነስ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል። እንግዳችን በክረምቱ 400 ሜትር ስፋት ይዞ የሚወርደውን ፏፏቴ በፖስት ካርድ አይቶ ነበርና ከፋው። «ውኃው የት ሄደ?» አለኝ። ስልክህ ውስጥ ልለው ምላሴ ላይ መጣ። ማታ ማታ ሁለት ቻርጀር ሰክቶ የሚተኛ ሰው ይህን መጠየቅ የለበትም። አማቴ ስላሉ ዝም አልኩ።

ስለ ወፎቹ ነበር የጀመርኩት ለካ። ፔሊካን ማንሳት የሚፈልግ እንግዳ ካለ መንገዱ አጭር ነው፣ መቶ እጥፍም አያስፈልገው። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ዓሣ አስጋሪዎቹ ታንኳቸውን ወደሚያስጠጉበት ዳርቻ ይውረድ። ሰዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲያጸዱ ሆድ ዕቃውን ወደ ውኃው ይጥላሉ፣ ፔሊካኖቹም ለዚያ ሲሉ እጅ ሥር ድረስ ይመጣሉ። መጀመሪያ ግን እንደምን አደራችሁ ይበል፣ ቀጥሎ ዓሣ ይግዛ። ሳይከራከር ቢገዛ ደግሞ ፔሊካኑን የሚያስጠጉለት ራሳቸው ናቸው። የባለቤቴ ወንድም ይህን ስነግረው «ዓሣው በኪሎ ስንት ነው?» አለና ዋጋውን ሲሰማ ወደ ባሕር ዛፎቹ ተመለሰ።