ማስተካከያ፦ የዘጌዋ የእሳት እራት ብል አይደለችም

ባለፈው ጽሑፌ ዘጌ ላይ፣ ጀልባ ማረፊያው አጠገብ አምፖል ስትዞር ስላየኋት ትልቅ የእሳት እራት አውርቼ ነበር። «ብል ናት፣ ጋቢያችሁን ደብቁ» አልኳችሁ። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ብል ደቃቃ ናት፤ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ልብስ የሚበላውም ትሏ ነው። እሱም የሚወደው ሱፍ፣ ጸጉርና ላባ ነው። ንጹሕ የጥጥ ጋቢ ያን ያህል አያጓጓውም።

እኔ ያየኋት ግን መዳፍ ታክላለች። ክንፎቿ ላይ ዓይን የሚመስሉ ክቦች አሉ። የእሷ ወገን የሆኑ የእሳት እራቶች ክንፍ ካወጡ በኋላ ምንም አይበሉም። አፋቸው ለመብላት አይሠራም! ትል ሳሉ ቅጠል በልተው ባጠራቀሙት ስብ ጥቂት ቀን ብቻ ይኖራሉ። በዚያች አጭር ዕድሜ ወንዱ ላባ በመሰለ አንቴናው የሴቷን ሽታ እየተከተለ ከሩቅ ይመጣል። የጉሎ ቅጠል እየበላ ሐር የሚሰጠን የኤሪ ትልም ዘመዳቸው ነው።

እባካችሁ፣ እኔን አምናችሁ በመጥረጊያ እንዳትመቷት። ቤት ከገባች መብራቱን አጥፉና መስኮት ክፈቱላት። ወደ ዛፎቿ ትመለሳለች።