ከእጣው በፊት ተናገሩ!

ኧረ ጎበዝ፣ የዚህ የቴኒስ ነገር እርር ድብን አደረገኝ! ታላላቆቹ ውድድሮች፣ ማን ከማን እንደሚጋጠም የሚለየው እጣ ከወጣ በኋላ «አልጫወትም» የሚልን ተጫዋች እስከ መቼ ነው የሚያባብሉት?

የ2017ቱን ዩኤስ ኦፕን አስታውሱ። አንዲ መሬይ ዳሌውን እንደታመመ ከዊምብልደን ጀምሮ ሁሉም ያውቃል። አርብ እጣው ወጣ። መሬይ 2ኛ ተመዳቢ (በደረጃው ቀድሞ ቦታ የሚያዝለት) ስለሆነ በእጣው አንዱ ግማሽ ራስ ላይ ተቀመጠ፤ ናዳልና ፌደረር በሌላው ግማሽ ታጨቁ፤ በአንድ ግማሽ ያሉ ደግሞ በፍጻሜ አይገናኙም። ቅዳሜ መሬይ ከውድድሩ ወጣ። እጣው እንደገና ይወጣል? ወይ ፍንክች! ቺሊችን አንስተው መሬይ ቦታ፣ ኬሪን ቺሊች ቦታ፣ ኮልሽራይበርን ኬሪ ቦታ፣ በመጨረሻው ክፍተት ደግሞ በማጣሪያ የወደቀ ተጫዋች አስገቡ። ናዳልና ፌደረር ግን እዚያው እንደታጨቁ ቀሩ፤ ሁለቱን በፍጻሜ የማየት ተስፋችን ገና ኳስ ሳይመታ ሞተ። ሕመሙ እውነት ነው፣ በመሬይ አልፈርድም። የምፈርደው እስከዚያ ሰዓት እንዲቆይ በፈቀደለት ሕግ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ዊምብልደን ላይ ደግሞ ሴንተር ኮርት ትኬት የቆረጠ ሕዝብ ምን አየ? ክሊዣን ከጆኮቪች ጋር 6-3፣ 2-0 ላይ አቋረጠ። ቀጥሎ የገባው ዶልጎፖሎቭም ከፌደረር ጋር 6-3፣ 3-0 ላይ አቋረጠ። የመጀመሪያ ዙር ተሸናፊ 35,000 ፓውንድ ያገኝ ነበር። ቆስለህም ቢሆን ሜዳ ረግጠህ ካልወጣህ ገንዘቡ አልነበረም፤ ታዲያ ማን ይቀራል?

ይህን እናስተካክላለን ብለው በ2018 አዲስ ሕግ አመጡ። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ካለው ሐሙስ ቀትር በኋላ፣ እዚያው ተገኝቶ መጫወት ስላልቻለ የወጣ ተጫዋች የመጀመሪያውን ዙር ክፍያ ግማሽ ይወስዳል፤ ቀሪው ግማሽ ለተተኪው «ላኪ ሉዘር» ነው፤ በማጣሪያ ወድቆ ክፍተት ሲገኝ ለሚገባው ማለት ነው። ከምንም ይሻላል፣ አልክድም። ግን ረቡዕ ላይ በሐቀኝነት «አልቻልኩም» ያለው ከዚህ ሕግ የሚያገኘው ምንም የለም! ለዘገየ እየከፈልክ፣ በጊዜ የተናገረን ባዶ እጁን እየሸኘህ፣ ሰው ቶሎ እንዲናገር እንዴት ትጠብቃለህ?

በጣም የሚያንገበግበኝ የተተኪዎቹ ነገር ነው። በማጣሪያው መጨረሻ ዙር ተሸንፈው፣ በየጠዋቱ ፈርመው፣ ራኬታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ተጋጣሚያቸውን አያውቁም፤ መጠራታቸውንም አያውቁም። ብዙዎቹ ሳይጠሩ ሻንጣቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ኢቫ ሊስ በ2025 አውስትራሊያን ኦፕን በካሊንስካያ ምትክ የተጠራችው ጨዋታው ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩ ነበር። እንዲያም ሆና ሦስት ጨዋታ አሸንፋ 4ኛ ዙር ደረሰች! እነዚህ ልጆች መጫወት እንደሚችሉ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ድንገት ለታመመ ማንም አይፈርድም። ቁስሉን ለሳምንታት የሚያውቀው ግን ከእጣው በፊት ከተናገረ ግማሹን ክፍያ ስጡት፤ እጣ ከወጣ በኋላ ከቀረ ቀንሱበት። ተተኪውም ተጋጣሚውን አውቆ፣ በልቶና ተኝቶ ይግባ።