የቅርጫው ፈርስና የአውሮፕላኑ ሞተር

የባሕር ዳር ሰዎች ሆይ፣ የቢሾፍቱው አዲስ ኤርፖርት ዋጋ ከአፋችሁ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2024 ስድስት ቢሊዮን ዶላር የተባለው፣ በ2025 አሥር ቢሊዮን፣ ግንባታው በጥር 2018 ዓ.ም. ሲጀመር ደግሞ 12.5 ቢሊዮን ሆነ ትላላችሁ። ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው፤ ብድሩ በዶላር የሚመለስ ነው። በገዛ እጃችን በራሳችን ኤርፖርት ላይ የምንጨምረውን ወጪስ ማን ይጠይቀን?

የቅርጫ ሥጋ ተመድቦ ካለቀ በኋላ ፈርሱ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ሜዳ ላይ ይደፋል። የዓሣው አንጀት ሐይቁ ዳር ይጣላል። በነጋታው ጭልፊቱ፣ ቁራው፣ አባ ኮዳው ይሰፍርበታል። አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ የሚበረው እነሱ በሚያንዣብቡበት ከፍታ ነው።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚህችው ከተማ ወደ አስመራ የተነሣው ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባበት። ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35 ሰው አለቀ። አንዲት እርግብ ግማሽ ኪሎ አትሞላም፤ አባ ኮዳ አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ይኼን እያወቅን በፈርስና በአንጀት እንዴት እንጋብዘዋለን?

ሰው ባይጎዳም ወጪው አይቀርም። የሞተሩ የፊት ብሌድ (የሚሽከረከረው ስለት) ከተጣመመ፣ ሚዛን እንዳይዛባ ብዙ ጊዜ ትይዩውም አብሮ ይቀየራል። የሞተሩ ሆድ በካሜራ ይፈተሻል። ባለሙያውና ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አውሮፕላኑ ይቆማል፣ በረራው ይሰረዛል። ብሌዱም የሚገዛው በዶላር ነው። ፊስታልም ቀላል አይደለም፤ ነፋስ መንደርደሪያው ላይ ከጣለው ሞተር ይስበዋል፣ ስለዚህ ተለቅሞ እስኪያልቅ በረራ ይጠብቃል።

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ መሠረት ቆሻሻ መጣያ ከኤርፖርት 13 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ ይመከራል። ከተማችን ከሞላ ጎደል በዚያ ክልል ውስጥ ናት፤ «ከኤርፖርቱ ሩቅ ነኝ» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

ስለዚህ ከሐይቁም ከውኃ ጉድጓድም ራቅ አድርጋችሁ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ቆፍሩ። ከጉልበት በታች የተቆፈረውን ውሻ አውጥቶት ያድራል። ፈርሱን ከረጢቱን ፈታችሁ ጨምሩት፣ አንጀቱንና ደሙን አክሉበት፣ ኖራ ወይም አመድ ነስንሱ፣ አፈሩን መልሳችሁ ጠቅጥቁ። ጉድጓዱ ደግሞ በሬው ሳይታረድ ይቆፈር፤ ሥጋው ከተመደበ በኋላ ዶማ የሚያነሣ አይገኝም።