«ይይዛል» አትበሉን፣ ስንት ዋት እንደሚይዝ ንገሩን

ይህን ነገር ካልተናገርኩት አይወጣልኝም። ከመርካቶ እስከ ሜክሲኮ ኢንቨርተር የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ «ይሄ ስንት ዋት ይሰጣል?» ስል የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ሁሉንም ይይዛል፣ አትስጋ።» ሁሉንም የሚይዝ ኢንቨርተር የለም! እኔ የጠየቅኩት ቁጥር ነው።

የምፈልገው ደግሞ ከባድ ነገር አይደለም። ከጓደኞቼ ጋር ወንጪ ወርደን ድንኳን ተክለን ልናድር ነው። ሰኞ የማስረክበው ሥራ ስላለብኝ ላፕቶፔ አብሮኝ ይሄዳል። ድንኳን ውስጥ ሶኬት የለም፤ ያለን የመኪናው ባትሪ ነው። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር አነስ ያለ ኢንቨርተር ነው የምፈልገው። በቃ።

ሒሳቡም ቀላል ነው። ቻርጀሬ ላይ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። ሲባዛ 65 ዋት ይመጣል። ቻርጀሩም ኢንቨርተሩም በሙቀት የሚያባክኑት አለ፣ ትንሽ ትርፍም ያስፈልጋል። ስለዚህ 150 ዋት ያለማቋረጥ የሚሰጥ ዕቃ ይበቃኛል። ጣጣው የሚጀምረው «ያለማቋረጥ» ስትል ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1000 ዋት ይላል። ገልበጥ አድርገህ ደቃቁን ጽሑፍ ስታነብ 500 ታገኛለህ። ትልቁ ቁጥር እንደ ፍሪጅ ያለ ሞተር ያለው ዕቃ ሲነሳ ለቅጽበት የሚቋቋመው ነው፤ ሰዓታት የሚያሠራህ ትንሹ ነው። አንዳንዱ ካርቶን ላይ ጭራሽ ትንሹ ቁጥር የለም። ሻጩን ብትጠይቀው እሱም አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም።

ከሁሉም ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። አንዱ ሱቅ 2000 ዋት የተጻፈበት ዕቃ አወጣልኝ። ገመዱን አየሁት፤ የስልክ ቻርጀር ገመድ ያህል ቀጭን ነው። ጫፉ ላይ ያለው ደግሞ የመኪና ሲጋራ መለኮሻ ውስጥ የሚገባው መሰኪያ ነው። 2000 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ለማውጣት ከ160 አምፔር በላይ ያስፈልጋል። የመለኮሻው ፊውዝ በብዙ መኪና ላይ ከ10 እስከ 20 አምፔር ነው። 15 አምፔር ቢሆን እንኳ ከዚያ ቀዳዳ የሚወጣው 180 ዋት ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሳብክ ፊውዙ ይቃጠላል። ይህንን ስለው ምን አለኝ? «ፊውዙ ካስቸገረህ በሽቦ እሰረው።» ሰው እንዴት እንዲህ ይመክራል? ፊውዝ የሚቃጠለው መኪናው እንዳይቃጠል ነው። በሽቦ ካሰርከው ቀጥሎ የሚግለው በዳሽቦርዱ ውስጥ የሚያልፈው ገመድ ነው። ልጆች ጭኖ የሚሄድ አባት ይህን ምክር ሰምቶ ቢያደርገውስ?

«ፒዩር ሳይን ዌቭ ነው ወይስ ሞዲፋይድ?» ስትል ደግሞ «ያው ነው» ይሉሃል። ያው አይደለም! ፒዩሩ እንደ ቤታችን መብራት የተስተካከለ ሞገድ ይሰጣል። ሞዲፋይዱ ደረጃ ደረጃ ያለው ሻካራ ነው። አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር በሱም ይሠራል፣ ግን ሊሞቅና ሲር ሊል ይችላል፤ አንዳንዱም እምቢ ይላል። ዋጋቸውም አይገናኝም። ልዩነቱን የማይነግረኝ ሰው ለምን እንደምከፍል እየደበቀኝ ነው። ለከባድ መኪና የሚሆነው የ24 ቮልት ዕቃም፣ 110 ቮልት የሚያወጣውም እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀላቅሎ ተቀምጧል።

«እሺ፣ ላፕቶፔን ሰክቼ ልየው» ስትል «ከተከፈተ ገዝተኸዋል» ነው መልሱ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፏል። አገሪቱ እኮ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 813/2006። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። «ሁሉንም ይይዛል» መረጃ ነው እንዴ?

ስለ ባትሪውማ ትንፍሽ የሚል የለም። 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ12 ሲባዛ 720 ዋት ሰዓት ነው። የመኪና ባትሪ ግን ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሙልጭ ተደርጎ እንዲጠጣ አልተሠራም፤ ከግማሽ በታች ማውረድ ይጎዳዋል። ስለዚህ ላፕቶፑ ሙሉ ኃይሉን ከሳበ፣ በሙቀት የሚባክነውም ሲደመር፣ ከአራት ሰዓት ብዙም አታልፍም። ብዙ ኢንቨርተሮች ራሳቸውን የሚያጠፉት ባትሪው ወደ 10.5 ቮልት ሲወርድ ነው። እዚያ ደርሶ መኪናህ አይነሳልህም። የወንጪ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ባትሪው ይብስ ይደክማል። ጋራዥ በሌለበት ሰው ማን ደርሶ ያስነሳለታል?

ሲፈለግ እንደሚቻል ግን አይቻለሁ። ፒያሳ አንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ያለች ልጅ መጀመሪያ ያለችኝ «ቻርጀርህን አሳየኝ» ነው። ጽሑፉን አነበበች። ላፕቶፔ በታይፕ ሲ የሚሞላ ቢሆን ኢንቨርተር ጨርሶ እንደማያስፈልገኝ፣ 65 ዋት የሚሰጥ የመኪና ቻርጀር እንደሚበቃኝ ነገረችኝ። የኔ ክብ ፒን ነው። ከባንኮኒው ሥር ባለ ባትሪ ላይ አንድ ኢንቨርተር አገናኝታ የ100 ዋት አምፖል ሰካች። እያወራን ቆየን፣ አምፖሉ ፍንክች አላለም። የምፈልገው ባለ 150 ግን አልቆባት ነበር። ትልቁን ልታሸክመኝ ትችል ነበር፣ አላደረገችውም። «ለሥራህ አይሆንህም፣ ምንም ሳይሰካበትም ባትሪህን ይበላል» አለችኝ። እግዜር ይስጣት።

ሌሎቻችሁስ አንድ ባትሪና አንድ አምፖል ማስቀመጥ ምን ያቅታችኋል?

ጉዟችን ቅዳሜ ነው። ባለ 150 ወይም ባለ 200 ፒዩር ሳይን ዌቭ፣ አምፖል ሰክቶ አሳይቶ ከነደረሰኙ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። ሕንፃውንና ፎቁንም ጨምሩበት፤ ለሌላውም ሰው ይጠቅማል።